ጀርባዬ ላይ የነበረው እጅ

ወታደሮች ከክፍል ያወጡኝ ስለ አንጎል ሳስተምር ነው። የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ፤ ጠመኔው በእጄ እንዳለ ጣና ዳር ወዳለ አንድ ግቢ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል የዓሣ ሽታ ነበረው። የሐይቁ ውኃ ከግድግዳው ጀርባ ሲላተም እሰማለሁ፤ አላየውም። ለብዙ ሳምንታት ብቻዬን ቆየሁ። ሰው ከመናፈቄ የተነሣ ዘበኛው ሲሰድበኝ እንኳ ትንሽ ቢቆይ እመኝ ነበር።

ከዱላው ይልቅ ያሸነፈኝ የቁልፍ ድምፅ ነው። ዘበኛው ኮሪደሩ ላይ ቁልፎቹን ሲያንቃጭል መላ አካሌ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሆኜ ምርመራ ብገባ የሚፈልጓቸውን የጓደኞቼን ስም እዘረግፋለሁ ብዬ ፈራሁ። «ይህ የአንጎል ሥራ ነው፤ ቁልፍ አይገድልም» እያልኩ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበቴን አስተማርኩት። ከሰነፍ ተማሪዎቼ ሁሉ የባሰ ሆነ፤ አንዲት ቃል አልገባውም።

ከዚያ አንድ የዘጌ ሰው አስገቡብኝ፤ የዜማ መምህር ናቸው። ሰው ደብቀዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ቁልፉ ሲንቃጨል አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉ።

«ትንፋሽህን አውጣው» አሉ። «ማስገባቱን ተወው፤ እሱ ራሱ ይገባል።»

«ምን እያደረጉ ነው፣ የኔታ?»

«ዜማ ቤት ፈርቶ ድምፁ የጠፋበትን ተማሪ አንቆጣውም። ጀርባውን ይዘን አብረነው እናዜማለን። ስንቱን እንዲህ አሳደግሁ መሰለህ።»

ቁልፍ በተሰማ ቁጥር መዳፋቸው ጀርባዬ ላይ ሆኖ አንዲት አጭር ዜማ አብረን እያወጣን ከረምን። ለምርመራ ስጠራ ፈራሁ፤ ግን ትንፋሼን በረጅሙ እያወጣሁ ገባሁ። የማንንም ስም ሳልጠራ ተመለስኩ።

አንድ ማለዳ የተጠሩት እሳቸው ሆኑ። ጋቢያቸውን ሊያጣፉ ሲሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ተነሥቼ ጋቢውን አስተካከልኩላቸው፤ መዳፌንም ጀርባቸው ላይ አደረግኩ።

«በሉ ቶሎ» አለ ዘበኛው።

አልቸኮልንም። ያችኑ ዜማ እስከ መጨረሻዋ አብረን አወጣናት። ከዚያ ወጡ። አልተመለሱም።

ከተፈታሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ቁልፍ ግን ዛሬም ያንቀጠቅጠኛል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያን ጊዜ ሰሌዳ ላይ እሥለው የነበረውን ዓይነት የአንጎል ሥዕል አሳየችኝ። ፍርሃት ከሐሳብ ቀድሞ ይነሣል፤ በክርክር አይበርድም፤ የሚያረጋጋው ረጅም ትንፋሽና አጠገብ ያለ ሰው ነው አለችኝ። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት አስተማርኩ።

«ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

እንግዲያው የራሴን እጅ ደረቴ ላይ እንዳደርግ መከረችኝ። አደርጋለሁ፤ ይረዳኛል። የኔታ ይዘውት የነበረው ቦታ ላይ ግን የራሴ እጅ አይደርስም።