አበቡ ያልገረዘችው ልጅ

በድብ ባሕር መንደርና በዙሪያው ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን የምትጠራው አበቡ ነበረች። እጇ ቀላል ነው ይባልላታል፤ እሷ የገረዘችው ልጅ ደሙ ቶሎ ይቆማል፣ ቁስሉም ሳያመረቅዝ ይደርቃል። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ስንቱን እንደገረዘች ራሷም አታውቀው።

የቄስ ወልደኢየሱስን የበኩር ልጅ እንድትገርዝ የተጠራች ዕለት ግን፣ መታቀፊያውን ገለጥ አድርጋ አየችና እጇ ቀጥ አለ። የሽንቱ ቀዳዳ ከጫፉ ላይ የለም፤ ከሥር በኩል፣ ወደ ታች ወርዶ ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ገጥሟት ምንም ሳትጠረጥር ገርዛዋለች። ያ ልጅ አድጎ ሽንቱ እግሩ ላይ እየፈሰሰ ቢያስቸግረው ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙም ቀዳዳው የሚቃናበት ቆዳ ተቆርጦ ሄዷል ብሎ መለሰው። ይህን ከሰማች ወዲህ አበቡ ያን ልጅ በጸሎቷ ሳታነሣ አድራ አታውቅም።

ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላ ያየችውንም የምታውቀውንም ነገረቻቸው። ቀድመው የተናገሩት የሕፃኑ አያት አያ አድማሴ ናቸው።

«እጅሽ ከደከመ ደክሞኛል በይ እንጂ፣ ምነው በልጁ ታሳብቢያለሽ? የቄስ ልጅ ሸለፈታም ሆኖ ይደግ?»

«ይደግ፣ አያ። አንዴ ከቆረጥሁት መልሼ አልቀጥለውም።»

ሽማግሌው ሌላ ገራዥ አስመጣለሁ ብለው ተነሡ። አበቡ የእናቲቱን የእንኳየሁን እጅ ይዛ ልጁን ለማንም እንዳትሰጥ ለመነቻት። አራሷም ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቄሱ አንዴ አባታቸውን፣ አንዴ ሚስታቸውን ሲያዩ ቆይተው፣ ይቆይ አሉ።

ከዚያ ወዲያ አበቡን የሚጠራት ጠፋ። ገበያ ስትወጣ፣ የቄሱን ልጅ ሳይገረዝ ያስቀረች እየተባለች ትጠቆማለች። ልጁ ሐብተ ማርያም አራት ዓመት ሲሞላው ራሷ ደጃቸው ድረስ ሄዳ ጎንደር እንውሰደው አለች።

«ቆዳው ባይጠቅምስ?» አሏት ቄሱ።

«ያን ጊዜ ስድቡ የእኔ ነው።»

ሐኪሙ ልጁን መርምሮ፣ እንዳይገረዝ ያደረገው ማን እንደሆነ በአስተርጓሚ ጠየቀ። ቄሱ በእጃቸው ወደ አበቡ አመለከቱ። በማግስቱ በዚያው ቆዳ አዲስ የሽንት መንገድ ተሠራለት። ዐሥር ቀን ሽንቱ በቀጭን የጎማ ቱቦ ሲወርድ ሰነበተ። ቱቦው የሚወጣ ዕለት፣ ስፌቱ ካፈሰሰ ሥራው ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ነገሯቸው።

አበቡ ከውጭ ቀረች። አባታችን ሆይን ትጀምራለች፣ መካከሉ ላይ ይጠፋባታል፣ ደግሞ ትጀምራለች። ልጁ አቃጠለኝ ብሎ ሲያለቅስ ሰማች። ከዚያ ዝም አለ።

በሩ ተከፈተና ቄሱ ወጡ። የነጠላቸው ጫፍ ርሷል።

«ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር» አሉ። «ሽንቱ ቀጥ ብሎ መጣ።»

ከዚያም ዝቅ ብለው፣ «ይፍቱኝ፣ እቴ አበቡ» አሏት።

«ኧረ ቄሱ እርስዎ ነዎት» አለች አበቡ፣ ልታነሣቸው እየታገለች።