የታንከኛው ሁለተኛ ዓይን

በሰሜን ተራሮች ወዳለው ሳንቃ በር ሊወጣ ደባርቅ ያደረ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ በቅሎው ላይ የሚጫነውን ዕቃ ለማቅለል ብሎ አንድ ሳጥን ለእኔ ለአስጎብኚው ተወልኝ። ወደ ተራራ ለምን ይዞት እንደ መጣ እስካሁን አልገባኝም። በውስጡ ከትናንሽ ቁራጮች የሚገጣጠም፣ ከጫማ የማይበልጥ የፕላስቲክ ታንክ ነበር።

የመገጣጠሙን ሥራ በሚገባው ክብር ፈጸምኩት። ለቆርቆሮ በር የሚሸጠውን አረንጓዴ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ሦስት ጊዜ ደረብኩ። ሰንሰለቱን በበጠበጥኩት የመንገድ አቧራ አሳደፍኩት። የቀረው የነጂው ራስ ብቻ ነበር፤ ከአንገቱ ተለይቶ የመጣ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ራስ።

ታንኩን ለአጎቴ ለመስጠት ቃል ገብቼ ነበር። አጎቴ ዳባት ነው የሚኖረው፤ በወጣትነቱ ታንከኛ ነበር። ስለዚያ ዘመን ጠይቀነው መልሶልን አያውቅም። ሳጥኑን ባሳየሁት ቀን ግን የነጂውን ራስ በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ "ይሄ እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን በእኔ እጅ መቀባት ድፍረት መሰለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወደሚሥሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወሰድኩት። መምሬ ራሱን በመርፌ ጫፍ ላይ በሰም ተከሉት፤ ፊቱን አጠየሙ፣ ጢሙን ሠሩ፣ የቀኝ ዓይኑን ሣሉ፤ ከዚያም ብሩሹን አስቀመጡ።

"ጻድቅ ነው ኃጥእ?"

በእኛ አገር ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ አንብቤበታለሁም። ለፕላስቲክ ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

"መምሬ፣ ይህ እኮ ቅርጽ ነው። የዓይን ጉድጓዱም ሁለት ነው።"

"ጉድጓዱን የቆፈረው ፋብሪካ ነው። ዓይን የምሰጠው እኔ ነኝ።"

"ፈረሰኛው ሰማዕትም ተዋጊ ነው፤ ሁለት ዓይን አለው።"

"እሱ የገደለው ዘንዶ ነው። ይሄኛውስ?"

ቅዳሜ አጎቴ ለገበያ ሲመጣ ወደ መምሬ ቤት ይዤው ሄድኩ። መርፌው ላይ ያለውን ራሱን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

"መምሬ፣ አንድ ዓይኔን ምን በላው?"

"ገና አልሰጠሁህም። ጻድቅ ነህ?"

"እንጃ" አለ አጎቴ፤ "ከውስጥ ሆኖ ብዙም አይታይም።"

"እንግዲያው ንስሐ እስክትገባ በአንዱ ቆይ።"

"ወደ ኋላ ዞሮ ቢለጠፍስ? ፊቱ እንዳይታይ?"

መምሬ ጥያቄውን በጥሞና መረመሩት። "ስለ ማጅራት የተደነገገ ነገር የለም" አሉና ፀጉሩን በትጋት ይሥሉለት ጀመር።

"ጋሼ፣ ወደ ኋላ እያየ እንዴት ይነዳል?" አልኩት።

"አንተ ለጥፍ።"

ለጠፍኩ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ታንኩን ጭኑ ላይ አኖረው፤ አፈሙዙን እንደሚገባው ወደ ሹፌሩ አቀና። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ያየነው፦ ወደ ኋላ የዞረው ሰውዬ በዚያች አንድ ዓይኑ የሚያፈጠው ራሱ አጎቴ ላይ ነበር።

አጎቴ ታንኩን አዞረው፤ አፈሙዙ ሆዱን ወጋው። መልሶ አቀናው፤ ዓይኑ ተመለሰ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል እጁን አነሣ።

"ሙጫው ደርቋል?"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ወራጅ አለ" አለ፤ ሚኒባሱ ግን ገና አልተነሣም ነበር። ወርዶ ታንኩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ እኔን ሳይጠብቅ ወደ መምሬ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ።