«ወራጅ አለ!» በጓንግዙ አውቶቡስ

ይህ የደረሰብኝ አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር የማልችል፣ ሳወራ እንኳ አፌን በእጄ የምሸፍን ሰው ነኝ። በዚያን ቀን ግን ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ያውም ቻይና አገር፣ ጮኼአለሁ። ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ።

አክስቴ አዳማ ገበያ ውስጥ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ አላት። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ካቋረጥኩ ጀምሮ አብሬያት ነው የምሠራው። ዕቃ ለማምጣት ጓንግዙ ወደምትባለው ትልቅ የቻይና ከተማ ትመላለሳለች። አምና ጉልበቷን ስላመማት «አንቺ ትሸከሚልኛለሽ፣ እኔ እከራከራለሁ» ብላ ይዛኝ ሄደች።

በደረስን በጥቂት ቀን ውስጥ የጨርቅ ገበያው ደረጃ ላይ አዳለጣትና ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። እንደ አጋጣሚ ሰለሞን አብሮን ነበር። ሰለሞን የሞጆ ልጅ ነው። እዚያው እየኖረ ለእኛ አገር ነጋዴዎች ያስተረጉማል። አምቡላንስ የጠራውም፣ ሆስፒታል ያስገባትም እሱ ነው። ማታ ከእሷ ጋር ማደር ስላልተፈቀደልኝ ወደ ሆቴላችን በአውቶቡስ መለሰኝና «መንገዱን እይው» አለኝ። እኔ ግን መንገዱ ሁሉ እያለቀስኩ ስለነበር ምንም አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ስሚ፣ ዛሬ ጠዋት ለቀዶ ሕክምና ሊያስገቧት ነው» አለኝ ሰለሞን። «ግን የቅርብ ዘመድ መጥቶ ካልፈረመ አይነኳትም። ተራዋ ካለፈ ደግሞ መቼ እንደሚደርሳት አይታወቅም። ሌሊቱን ስታቃስት ነው ያደረችው።»

«ናና ውሰደኝ።»

«እኔ ከሄድኩ ማን ያስተረጉምላታል? ያው የትናንቱ አውቶቡስ ነው። ትልቁን ድልድይ እንደተሻገርሽ ተዘጋጂ። አናቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ነጭ ሕንፃ ፊት ለፊት ይቆማል። አይዞሽ፣ ቻይና ሰው አይበላም!»

እዚያ ታክሲ የሚጠራው በስልክ ነው፤ እኔ ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። የአውቶቡሱን ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ቁጥር እንደሆነ የትም አገር አንድ ነው። ሰለሞን የሰጠኝን የመሳፈሪያ ካርድ እንደ ሌሎቹ መሣሪያው ላይ ሳስጠጋው ጢው አለ። ገባሁ።

አውቶቡሱ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። ረዳት የለውም። «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል የለም። በፊት በር ይገባል፣ በመሐል በር ይወረዳል። ሰው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። ከድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት የፌርማታ ስም ትጠራለች፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። መስኮት አጠገብ ቦታ አገኘሁና ድልድዩን ስጠባበቅ ዓይኔን ከውጭ አልነቀልኩም። ከጎኔ ፀጉራቸው በረዶ የመሰለ አሮጊት ተቀምጠዋል።

ከጥቂት ፌርማታ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ገባች። በአንድ እጇ ከባድ ፌስታል፣ በሌላው ሦስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ይዛለች። መጥታ እኛ አጠገብ ቆመች። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሕፃኗ ተንገዳግዳ ግንባሯ ከመያዣው ብረት ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ።

እኛ አገር፣ ወደ መቂም ሆነ ወደ ሶደሬ ስንሄድ፣ ልጅ ይዞ የቆመ ሰው ካለ የተቀመጠው ልጁን ተቀብሎ ጭኑ ላይ ያደርጋል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። እናትየዋም ልጄን የት ወሰዳችሁት አትልም፤ እንዲያውም የማይቀበል ሰው ነው የሚታማው። እኔም ሳላስበው በአሮጊቷ ላይ ተንጠራርቼ ሕፃኗን ብብቷ ሥር ያዝኩና ጭኔ ላይ ቁጭ አደረግኋት።

እናትየዋ ጮኸች። ጩኸት ስል ጩኸት ነው። ፌስታሉን ጥላ ልጇን መንጭቃ ወሰደችብኝ። ሕፃኗ አለቀሰች። ያ ስልክ ላይ የተደፋ አንገት ሁሉ ቀና አለ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ወደ እኔ አቅንቶ መቅረጽ ጀመረ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ አንድ ነገር ተናገረ።

ልጅ ልትሰርቅ ነው ብለው ፖሊስ ቢጠሩ በምን ቋንቋ አስረዳለሁ? አክስቴስ? ከክፍሉ በር ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ስትጠብቀኝ ታየችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ አለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ግን ማልቀሻ ጊዜ አልነበረኝም።

እናትየዋን ቀጥ ብዬ አየኋት። መጀመሪያ ወደ ብረቱ ጠቆምኩ፣ ከዚያ ግንባሬን በመዳፌ መታ አድርጌ «እንዳትመታ ብዬ ነው እኮ፣ እህቴ» አልኳት፤ በአማርኛ። ቀጥዬም ጭኔን መታ መታ አደረግሁ። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው እጄን አጥፌ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዝኩ። እንዴት እንደዚያ እንደደፈርኩ አላውቅም።

መጀመሪያ የገባቸው አሮጊቷ ናቸው። ሳቅ አመለጣቸው። ጥርሳቸው ብዙም የለም፣ ሳቃቸው ግን ትልቅ ነው። ወደ እናትየዋ ዞረው ረዘም ያለ ነገር ነገሯት። ከዚያ የወደቀውን ፌስታል አንስተው ልክ እንደኛ አገር ሰው የራሳቸው ጭን ላይ አስቀመጡት። ጎረምሳውንም በጣታቸው እያስፈራሩ አንድ ቃል ጣሉበት፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ምን እንዳሉት ባላውቅም፣ የእኛ ሰፈር እናቶች «አንተ ባለጌ!» ሲሉ እንደዚያው ነው የሚመስሉት።

እናትየዋ ፊቷ ቀላ። ትንሽ አመነታች። አውቶቡሱ እንደገና ሲንገጫገጭ ግን ልጇን በአሮጊቷ በኩል አሳልፋ ሰጠችኝ። ሕፃኗ መጀመሪያ ፈራችኝ፤ ከዚያ ሹሩባዬን አገኘችና አንድ በአንድ መጎተት ጀመረች። እኔም ተለቀቅኩላት። ሰው እየገባ እየገባ መተላለፊያው ሁሉ ሞላ።

ጨዋታው ያዘኝ መሰለኝ፣ ቀና ስል ድልድዩን ተሻግረናል። አውቶቡሱ ቆሟል። ማዶ ነጭ ሕንፃ አለ፤ አናቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ! ሰው ወርዶ አብቅቷል፣ በሩ መዘጋት ጀምሯል። እኔ መስኮት ጥግ ነኝ፣ ጭኔ ላይ የሰው ልጅ አለ፣ በእኔና በበሩ መካከል ያለው ሰው ደግሞ የቅዳሜ ገበያ ይመስላል።

እኔ እኮ አዳማ ውስጥ እንኳ ሚኒባስ ላይ «ወራጅ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ወደ ኋላ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ስንት ጊዜ ቤቴን አልፌ ሄጃለሁ! ያን ጊዜ ግን ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ብድግ አልኩና፣

«ወራጅ አለ!» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ሾፌር! ወራጅ አለ!»

አሮጊቷ ከጎኔ ሆነው ከእኔ በባሰ ድምፅ «ያው ሎክ! ያው ሎክ!» እያሉ ጮኹ። እናትየዋም ተቀበለቻቸው። ጎረምሳው ሳይቀር ጮኸ። ሕፃኗ እጇን እያጨበጨበች «አለ! አለ!» ትላለች። በሩ ተመልሶ ተከፈተ። ልጅቷን ለእናቷ አስረከብኩ። ሰዉ እየሳቀ ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ፣ አሮጊቷ ከኋላ ጀርባዬን ገፋ አደረጉኝ፤ ወረድኩ።

እየሮጥኩ ስገባ ሰለሞን በሩ ላይ ቆሞ በእጁ እየጠራኝ ነበር። አክስቴን ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አድርገዋታል። ስታየኝ ፊቷ በራ፣ አፏ ግን ያው ነው።

«አንቺ! የቻይና ሕዝብ በሙሉ መጥቶ ሲያየኝ አንቺ የት ቀረሽ?»

«አውቶቡሱ ሞልቶ ነው።»

«በይ ፈርሚና ሳሚኝ። ብሞት ሱቁን እንዳትዘጊው።»

«አትሞቺም» አልኳት። ፈረምኩ፣ ሳምኳት፣ ወሰዷት።

ስንጠብቅ ለሰለሞን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አሮጊቷ የጮኹት ምን እንደሆነ ስጠይቀው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የዚያ አገር ሰዎች ሾፌሩን ለማስቆም የሚሉት ነው አለኝ። ትርጉሙም፣ ወራጅ አለ።

እናትየዋን አልተቀየምኳትም። ልጇ ናት፤ እኔም ብሆን እጮኻለሁ። ዛሬም ታክሲ ውስጥ የሰው ልጅ እቀበላለሁ፤ መጀመሪያ ግን የእናትየዋን ዓይን አያለሁ። የአሮጊቷን ስም አለማወቄ ብቻ ይቆጨኛል።

አክስቴ በደህና ወጥታ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ደንበኛ ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ ታሪኩን ታወራለች፤ በእሷ አፍ አውቶቡሱን ያቆምኩት ከፊቱ ተጋድሜ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመጋረጃው መደርደሪያ መሳሳቱን አይታ «እኔ እንግዲህ ደረጃ አልወጣም። ጓንግዙ ብቻሽን ትሄጃለሽ ወይስ ሰው ልፈልግ?» አለችኝ።

አፌን እንኳ በእጄ አልሸፈንኩም። «እሄዳለሁ» አልኳት።