የምንይችል ስሙኒ

«ብር በሆንኩና ካንገትሽ በዋልኩ…»

ልመንህ ከዚህ ወዲያ አያውቀውም። ሁለተኛው ስንኝ ልጅ ሳለ ከሰማበት ሠርግ ቤት ቀርቷል፤ ስለዚህ ወናፉን እየነፋ በእህህታ ይሞላውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አርብ ገበያ፣ ከእህል ተራው ራስጌ፣ ጣራዋ በጥላሸት በጠቆረች ሱቅ ተቀምጦ የአንገት መስቀልና ቀለበት ይሠራል። የሠራው ቀለበት ጣት ላይ እንደ ውሃ ነው የሚፈስ። ይህን የሚነግረው ሰው ግን የለም። ሰው የሚያወራው ስለ ምንይችል ነው።

ምንይችል ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁለቱም ከአንጥረኛው መምህር ወልደ ጊዮርጊስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እግር ሥር፣ ባንድ ፍም ዙሪያ አድገዋል። ብር የሚታዘዘው ለልመንህ ነበር፤ ሰው የሚታዘዘው ለምንይችል። ሁለተኛውን ስንኝም ያውቀዋል። ልመንህ ከወዲህ ሲያንጎራጉር እሱ ከማዶ በዚያ በሚያምር ድምፁ ይጨርስለታል። ሴቶቹ ይስቃሉ። ልመንህ መዶሻውን ጠንከር አድርጎ ያሳርፋል።

ሰሞኑን ደግሞ ስሙኒው መጣ። ምንይችል ከሻይ ቤት መልስ ተብሎ የተሰጠው ተራ ስሙኒ ነው፤ ባንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው እጃቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ ወንድና ሴት። ብቻ ሥዕሉ ከመሀል ሸሽቷል። የአንበሳው ጎፈር ተቆርጦ ቀርቷል፤ ከጫፉ ላይ አዲስ ጨረቃ የመሰለ ባዶ ቦታ ተጋድሟል። እንዲህ ያለውን ከፋብሪካው ተሳስቶ የወጣ ሳንቲም አሳደው የሚፈልጉ ሰዎች አሉ ተባለ። ያን ጊዜ ገበያተኛው ሁሉ ለማየት ወደ ማዶ ጎረፈ፤ ሊያይ የሄደውም የተሰበረ ጌጡን እዚያው ትቶ ተመለሰ።

የልመንህ የጥንት ደንበኛ እመት ሐረገ ወይን እንኳ ደጁን አልፈው ሲሄዱ አያቸው።

«ደህና ዋልክ ልመንህ? አልገባም፤ ያችን ጨረቃ ልያት ብዬ ነው።»

«ጉትቻዎትስ?»

«እሱንም እዚያው ይሠራልኛል። ምን ላርግህ ልጄ፣ አንተ ጋ የሚታይ ነገር ጠፋ።»

ይህስ ይሁን። ሚስቱ ንግስትም አይታው መጣች። «ታምራለች» አለች፣ ነጠላዋን እየሰቀለች። ያቺ አንዲት ቃል ደረቱ ውስጥ ገብታ ፍም ሆነች። እሱ የሠራላትን መስቀል አንድ ቀን እንኳ ታምራለች ብላ ታውቃለች?

አርብ ዕለት ገበያው ደርቶ ሳለ ከደብረ ታቦር ሰው መጣ። ቴዎድሮስ ይባላል፤ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የቆዩና የተሳሳቱ ሳንቲሞች ይሰበስባል። ስሙኒውን በአጉሊ መነጽር ገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዕቃው ደስ ይላል» አለ። «ነገር ግን ከአንጥረኛ እጅ ነው የመጣው። መዶሻና ሞረድ ያለው ሰው ጨረቃ ማውጣት አያቅተውም።»

ምንይችል ዓይኑን አላሸም። «አንጥረኛን የሚመረምረው አንጥረኛ ነው፤ የኛ ደንብ ይኸው ነው። ልመንህን ጥሩልኝ።»

ልመንህ መንገዱን ሲሻገር ልቡ ሠርገኛ ሆነች። ምንይችል አጭበርባሪ ነው ከተባለ ማን ብሩን አምኖ ይሰጠዋል? ማንስ ዘፈኑን ይሰማል?

ስሙኒውን ተቀበለና ወደ ብርሃን ያዘው። ተፍቆ ቢሆን ባዶው ቦታ ላይ የተፋቀው ሥዕል ጥላ ይቀር ነበር፤ የለም። ተቀጥቅጦ ቢሆን ብረቱ ተገፍቶ ያብጥ፣ ያልተነካው ፊትም ይጨፈለቅ ነበር፤ ይህም የለም። ገለበጠው። ጨረቃዋ በወዲያኛውም ፊት፣ እዚያው ትክክል ላይ አለች። እንግዲህ ሳንቲሙ ሲመታ ጥሬው ብረት ከማተሚያው ሸርተት ብሎ ሁለቱም ፊት አብሮ ስቷል። እውነተኛ ነው። ልመንህ ምራቁ መረረው።

ወዲያው ጠርዙ ላይ አንዲት ጭረት አየ። ሰያፍ፣ ትንሽ፣ አዲስ።

«ይሄ የሞረድ ነው» አለ።

ቴዎድሮስ መነጽሩን አጠፈ። ምንይችል ወደ ልመንህ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልመንህ ቀጥሎ የሚለውን የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የነካሁት» አለ። «እንደ ልማዳችን።»

«በቃ፣ አመነ» አለ አንዱ ከኋላ።

ልመንህ ብቻ ገብቶታል። መምህር ወልደ ጊዮርጊስ እጃቸው የገባውን ሁሉ፣ ብርም ይሁን ቆርቆሮ፣ ውስጡን ለማየት ጠርዙን በሞረድ ሳይነኩ ስሙን አይጠሩም ነበር። ልመንህም ስሙኒው ለእሱ ደርሶት ቢሆን በዚያው ሰያፍ ይነካው ነበር። ይህን ማስረዳት የሚችል ሰው ገበያው ውስጥ አንድ ብቻ ነው። እሱም ዝም አለ። ዝምታው ጣፈጠው።

ታዲያ ሰው መቼ ዝም ይላል። «እንግዲህ ጨረቃዋን በእጁ ነው ያወጣት በሉኛ» አሉ እመት ሐረገ ወይን። «አቤት ሙያ! ልመንህ፣ አንተ ይህን ትችለዋለህ?»

«የት ችሎ» አለ አንዱ።

«ምንይችል እጁ ይባረክ።»

የልመንህ ጆሮ ጋለ። አጭበርባሪ የሚል ጠብቆ ጥበበኛ ሲሉት ሊሰማ ነው? እሱ በሕይወት እያለ፣ ምንይችል ባልሠራው ሥራ ሊመሰገን?

«በእጁ አይደለም!» አለ፤ ድምፁ ከራሱ በላይ ወጣ። «የት ያውቅና! ይህን የሰው እጅ አይሠራውም፤ ከተመታበት ቤት ነው እንዲህ ሆኖ የወጣ።» ስሙኒውን ለቴዎድሮስ እያገላበጠ ሁለቱን ጨረቃዎች ባንድ ትክክል አሳየው፤ ጥላ እንደሌለው፣ ብረቱም እንዳልተገፋ አሳየው። የጭረቷንም ነገር ተናገረ። «የመምህራችን ልማድ ናት። እኔም ብሆን እነካው ነበር።»

ቴዎድሮስ መነጽሩን ዘርግቶ ደጋግሞ አየና «ልክ ነህ» አለ። «ጭረቷ ትጎዳዋለች እንጂ አትገድለውም።»

ምንይችል አንገቱን አቅፎ ትከሻውን ሳመው። ልመንህ እንደ ግንድ ቆሞ ተሳመ።

ቤቱ ሲደርስ የጾሙ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ንግስት ሽሮውን እንደገና አሙቃ አቀረበች፤ እሱ ግን አልቀመጥ አለ፤ ከምሰሶው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምሰሶው።

«እውነተኛ ነው አልክ አሉ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ምንይችል። ልመንህ ባይኖር ስሜ ጠፍቶ ነበር እያለ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ነው የዋለው። እመት ሐረገ ወይንን እንኳ አስለቅሷቸዋል።»

ልመንህ ምሰሶውን ተደገፈ። አድኜው እንኳ ወሬው የሱ ሆነ፤ ማመስገኑንም አሳምሮ ያውቅበታል፣ አለ በልቡ።

«ቅናት እንጀራ አይሆንህም» አለች ንግስት፣ የእጅ ውሃውን ይዛ ቆማ። «ታጠብ። ሽሮው ሁለተኛ እየቀዘቀዘ ነው።»

እጁን ዘረጋ፤ ጥላሸቱ ከውሃው ጋር ወረደ። ደረቱ ውስጥ ያለችው ፍም አልጠፋችም። ሆዱ ግን ከሷ በላይ ጮኸ። ዱካውን ወደ ሞሰቡ ሳበና ተቀምጦ መብላት ጀመረ።