ፓስወርዴን የምታውቀው ጓደኛዬ

ለቅሶ የመጡት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችንን ሲያንኳኩ፣ ሞተች የተባለችው እናቴ ጓዳ ቁጭ ብላ ቁርሷን ትበላ ነበር። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው ቤታችን። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሩን ስከፍት ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"እናቴ አርፋለች ብለሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?"

እናቴ ጫጫታውን ሰምታ ብቅ አለች። ጎረቤቴ "ያ ዋቃዮ!" ብላ አምላኳን ጠርታ ግድግዳውን ተደገፈች። እናቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥታ ወለጋ የሰፈረች ሴት ናት፤ በቀላሉ አትደነግጥም። "አልሞትሁም፤ ግቡና ቅመሱ" አለቻቸው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ገብቶ ለሚያውቁኝ ሁሉ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። "እናቴ አርፋለች፣ ለቀብሩ አግዙኝ" ይላል፤ ከሥሩ የማላውቀው የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስደውል ዋልኩ። አክስቴ ግን ከኑኑ ቁምባ ተሳፍራ መንገድ ላይ ነበረች። እያለቀሰች ገብታ እህቷን ስታይ፣ መጀመሪያ አቀፈቻት፤ ቀጥሎ እኔን ሰደበችኝ።

ገጼን ለመክፈት ሞከርኩ፤ ፓስወርዱ ተቀይሯል። የድሮው ፓስወርድ የእናቴ ስምና የተወለድኩበት ዓመት ነበር። ለኢሜይሌም፣ የተማሪዎች ውጤት ለማስገባትም ያንኑ ነበር የምጠቀመው። ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ አብራኝ የምታስተምር የሒሳብ መምህርት። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ታምሜ በቀረሁ ጊዜ ውጤት የምታስገባልኝ እሷ ነበረች። "ለአንቺ አልነግርም" ማለት በእኛ መሃል ነውር ነበር።

ሰኞ፣ መምህራን በተሰበሰቡበት ክፍል፣ "ከአንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?" አልኳት።

"እኔ? እናትሽን እኔ ልግደላት?" አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ "ፓስወርዴን ረሳሁ" የሚለውን ስጫን፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞቹ የእኔ አልነበሩም። ቆይቶ ትዝ አለኝ። ገጹን የከፈተልኝ ስልኬን የገዛሁበት ሱቅ ባለቤት ነው፤ ያኔ ሲም ካርዴ ገና ስላልሠራ በራሱ ቁጥር ነበር የከፈተው። ሄጄ የሱቁን ታፔላ አየሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው።

ሰውየው አልካደም። "ስልኬን መናኸሪያ ሰረቁኝ። ዛሬ ነው በዚያው ቁጥር ሌላ ሲም ያወጣሁት" አለ። ሌባው በእሱ ቁጥር የተከፈተውን ገጽ ሁሉ ፓስወርድ እየቀየረ ነበር፤ የእኔ ብቻ አልነበረም። ኮዱ መጣለት፣ አነበበልኝ፣ ገጼን አስመለስኩ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቁጥሩን አስወጥቼ የራሴን አስገባሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተች።

"ዲፋማ፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ኮቱ፣ ታኢ" ብላ ወንበር አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስታዳምጥ ቆይታ፣ "ፓስወርድሽን አንድ ቃል አታድርጊው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር አድርጊው። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ይሁን። ለእያንዳንዱ ገጽሽም የተለያየ" አለች።

እዚያው ፊቷ ቁጭ ብዬ አሰብኩና ቀየርኩት። ከልማዴ የተነሣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩ። ፊቷን መለሰች።

"አትንገሪኝ። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ደግሞ ወደ እኔ እንዳታዪ።"

ልክ ነበረች፤ ሆኖም አመመኝ። ወር ያህል ሰላምታችን አጭር ነበር። ልጇ ስትዳር ግን ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር እንድሆን ጠራችኝ፤ ሄድኩ፤ ሁለት ቀን አብረን ሽንኩርት ስንልጥ ሰነበትን።