ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አልፏል፤ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሰፈርም ቀይሬያለሁ። ግን የሰው ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል ባየሁ ቁጥር ያቺ ሳምንት ትመጣብኛለች። ፊቴ እስካሁን ይግላል።

ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ ቤት ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። እታለም ነው የምላት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ በፊተኛው ክፍል የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከኢንተርኔት ካፌ ወረቀት እያሳተምኩ፣ እየሞከርኩ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። እታለም ደግሞ ዳንቴል ትሠራለች። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ስልኩ ሳይቀር ለብሷል። ኮምፒዩተሩን የገዛሁ ዕለት ዙሪያውን በክር ለካችውና በሳምንቱ አለበሰችው። «አቧራ ጠላቱ ነው» አለችኝ። በቃ፣ የቤታችን ደንብ ነው ብዬ ተውኩት።

የዚያን ሳምንት ሥራ የጓደኛዬ የሰላም ሰርግ ነበር። ቤተሰቦቿ ቂርቆስ ናቸው። አባቷ ጋሽ ከበደ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ታመው ተኙና አንድ ልጃቸው ስትዳር ሳያዩ ቀሩ። አሁን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ለኦፕራሲዮን ሆስፒታል እንዲገቡ ተቀጥረዋል።

ረቡዕ ሰላም መጥታ እጄን ያዘች። «እባክሽ፣ ከመግባቱ በፊት ይየው። ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

«ቅዳሜ እጅሽ ይገባል» አልኳት። አፌ ነው የተናገረው፤ ልቤ ገና አላሰበበትም።

ቅንብሩን ጨርሻለሁ። የቀረው ኮምፒዩተሩ ሁሉንም አንድ ላይ አዋህዶ ለዲቪዲ እስኪያወጣው መጠበቅ ነው። ለዚያ ደግሞ አሥራ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። መብራት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም፤ ባለበትም ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ጎደለኝ ማለት ነው። መሀል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። ከፋፍሎ መሥራት እንደሚቻል ያኔ አላውቅም ነበር፤ ራሱን ያስተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ከባዱን ያውቅና ቀላሉ ያመልጠዋል። ካሴቱን እንዳለ እንዳላሳያቸው፣ ካሜራው የኪራይ ስለነበር ተመልሷል።

አንድ ያሳተምኩት ወረቀት ላይ ኮምፒዩተርን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ እንደሚቻል አንብቤ ነበር። ኦቨርክሎክ ይሉታል። ፍጥነቱ ሲጨመር የሚገባለት ኤሌክትሪክም ይጨመራል፣ ያኔ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ አንጎል፣ ይግላል ይላል። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ትልቅ ማራገቢያ ያለው የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ገዛሁና አሮጌውን ነቅዬ ገጠምኩት።

ሐሙስ መብራት እንደመጣ አስነሳሁት። ፍጥነቱንም ኤሌክትሪኩንም ወረቀቱ ላይ እስካለው ጫፍ ድረስ ወሰድኩት። ፕሮግራሙ «ዘጠኝ ሰዓት» አለኝ። ከአሥራ ሦስት ዘጠኝ! ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ዘለልኩ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያል፤ ከድሮውም ቀዝቅዟል። ቢሆንም መቀመጥ አቃተኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ቁጥሩን አየሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። እታለም «ልጄ፣ ወለሉን ቀደድሽው እኮ» አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄደ ድርግም አለ።

«መብራት ሄደ?» አለች እታለም ከጓዳ።

አልሄደም። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው የሞተው። ከኋላው የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ጠረን ይወጣል። ዳንቴሉን ገፍፌ ሳነሳው ልክ ከካውያ ሥር እንደወጣ ጨርቅ ይፋጃል። ያኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም።

«ያንቺ ዳንቴል ነው ያቃጠለው!» ብዬ ጮህኩ። «ቴሌቪዥኑን ገነዝሽው፣ ፍሪጁን ገነዝሽው፣ አሁን ደግሞ የእኔን እንጀራ ገነዝሽው!»

መገነዝ የሬሳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እታለም ደግሞ ባሏን በገዛ እጇ ገንዛ ሸኝታ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መመለስ ፈለግኩ፣ ግን ንዴቴ ገና አልበረደም። እሷ ዳንቴሉን ከእጄ ተቀበለች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ይዛው ገባች።

እንደገና አስነሳሁት። አሁን እንኳ ከጀመረ ለጥቂት ይደርሳል። በተገለጠው ሳጥን ፊት ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። አርባ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ድርግም።

ዳንቴል የለም። ግን ጠፋ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አሁን የሚያሳፍረኝ ይኼኛው ነው፤ ጩኸቴ ሳይሆን ዝምታዬ። ጥፋቱ የዳንቴሉ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እታለም እዚያው ጓዳ ናት፣ አሥር እርምጃ አይሆንም። ሄጄ አልነገርኳትም። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ዓርብ ጠዋት ስነሳ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። ቴሌቪዥኑ ራቁቱን፣ ፍሪጁ ራቁቱን፣ ስልኩ ራቁቱን። ዳንቴሎቹን ሁሉ አንስታቸዋለች። ቁርስ አቀረበችልኝ፤ «ብዪ» ብላኝ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ቁርሱን ሳልነካ ወጣሁና ቂርቆስ ሄድኩ። ለጋሽ ከበደ አልደረሰልኝም ልላቸው ነው።

አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሰላም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ነገሩን ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ግን ስለ ሰርጉ ምንም አልጠየቁኝም። ዓይናቸው በራ።

«ቆይ ቆይ። ጠረን ነበረው?»

«አዎ ጋሼ። የተቃጠለ ቫርኒሽ።»

«በየት በኩል?»

«ከኋላ።»

«ድሮስ ይጠፋ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ከመጥፋቱ በፊት ምን ቀየርሽ?»

ፍጥነቱን መጨመሬንና አዲሱን ማራገቢያ ነገርኳቸው። የፕሮሰሰሩም ሙቀት ዝቅተኛ እንደነበር፣ በቁጥር እንዳየሁት።

«አይ እናንተ! ቁጥር ካያችሁ በጣት መዳሰስ አያስፈልጋችሁም» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ አመማቸውና ጎናቸውን ያዙ። «አሮጌው ማራገቢያ ወዴት ነበር የሚነፍሰው?»

«ወደታች።»

«አዲሱስ?»

«ወደ ጎን።»

«ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ተደርድረው፣ ኤሌክትሪኩን መጥነው የሚሰጡት ትንንሽ ጥቁሮች አሉ አይደል? ከኋላ በኩል። ፍጥነት ስትጨምሪ የሚለፉት እነሱ ናቸው። አሮጌው ወደታች ሲነፍስ ለእነሱም ይተርፋቸው ነበር። አሁን ማን ያናፍስላቸው? ሙሽራውን ማራገቢያ ሥር አስቀምጠሽ ድግሱ ሰመረ አልሽ። ወጥ ቤት ያሉትን ማን አያቸው?»

ሰላም በሳቅ ፈነዳች። እኔ አልሳቅኩም። የእታለም ፊት ነው የመጣብኝ።

«ስንት ሰዓት ነው የጎደለሽ?» አሉኝ።

«አንድ።»

«ለአንድ ሰዓት ብለሽ አራት አስሮጥሽው? የሚያስፈልግሽን ያህል ጨምረሽ ሌላውን መልሺ። ኤሌክትሪኩንም ቀንሺ። የነቀልሽውን ማራገቢያ ጥለሽዋል?»

«አለ።»

«እሱን በእነሱ ላይ እንዲነፍስ አድርገሽ እሰሪው። ሽቦ እንዳትጠቀሚ፣ አንዱን ካንዱ ያገናኝብሻል። የሳጥኑንም ጎን ክፈቺው።»

ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሳሁ። ሳጥኑን ከፍቼ አሮጌውን ማራገቢያ ይዤ ቆሜያለሁ፤ በምን እንደማስረው ግራ ገብቶኛል። የስፌት ክር ሞከርኩ፣ ተበጠሰ። መብራት ሊመጣ ደቂቃዎች ቀርተዋል። ከኋላዬ እጅ ተዘረጋ። የዳንቴል ክር ነው፣ ወፍራሙ።

«ይኼ አይበጠስም» አለች እታለም።

አንድ ጫፉን እሷ ይዛ፣ አንዱን እኔ ይዤ አሰርነው። ጎንበስ እንዳልኩ፣ ፊቷን ሳላይ፣ «እታለም፣ ዳንቴሉ አልነበረም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ዳንቴሉማ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።»

ይቅር በይኝ ብዬ ጉልበቷን ልስም ስል «ክሩን እንዳትለቂው!» ብላ ተቆጣችኝ።

መብራት መጣ። ጋሽ ከበደ እንዳሉት ፍጥነቱንም ኤሌክትሪኩንም ዝቅ አደረግኩ። ፕሮግራሙ አሥር ሰዓት ተኩል አለኝ። በየግማሽ ሰዓቱ እጄን ከኋላው እያስጠጋሁ ሙቀቱን እፈትሻለሁ። ሁለት ሰዓት ሞላ። አልጠፋም። ሦስት ሞላ። እታለም በሩ አጠገብ ኩርሲ አምጥታ ተቀመጠች፤ ኪሮሿን ይዛለች ግን አትሠራም፣ እሷም ስክሪኑን ነው የምታየው። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ተኩል ላይ አለቀ። ዲቪዲውን ጻፍኩና ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላደርግ ወጣሁ። ታክሲው በመኪና ጭንቅንቅ ተይዞ ሲቀርብኝ ወርጄ ሮጥኩ።

ቂርቆስ ስደርስ መብራት ሊሄድ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ሙሉውን ለማየት ጊዜ የለም። ቪዲዮውን በቀጥታ ሰላም የቤተሰቧን ጉልበት ወደምትስምበት ወሰድኩት። በአባቷ ቦታ አጎቷ ተቀምጠዋል። ሰላም ጎንበስ ብላ ከሳመች በኋላ ቀና ብላ ወደ ካሜራው «አባዬ፣ ይኼ ያንተ ነው» ትላለች። ጋሽ ከበደ አዩት። «መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው መብራት ሄደ።

በመስኮቱ ብርሃን ፊታቸውን በፎጣ ሲጠርጉ አየሁ። «ጥቁሮቹ አልጋሉም?» አሉኝ።

«አልጋሉም ጋሼ።»

ኦፕራሲዮኑ ተሳካላቸው። የሰርጉንም ቀሪ፣ ከሆስፒታል ወጥተው፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው አዩት። እኔ ዛሬም ነገር ሲበላሽብኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሰው ላይ መጮህ ነው፤ አልዋሽም። ግን ያ ክር፣ ያ በዝምታ የተዘረጋ እጅ፣ ትዝ ሲለኝ አፌን ይይዘኛል።

እታለም በማግሥቱ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል መለሰች፤ ቀጥላ የፍሪጁን፣ ቀጥላ የስልኩን። የኮምፒዩተሩን አልመለሰችም፤ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከውጭ ስመለስ ለብሶ አገኘሁት። በኋላው በኩል የመዳፍ ስፋት ያህል ተርትራ አውጥታለች፤ በጎኑም እንዲሁ። የሁለቱንም ክፍት ዙሪያ በኪሮሽ እንደገና ሠርታ ጨርሳዋለች።