የሸማኔው ዶሮ በመዝሙር ዜማ

ሂዩ ታርቬት ከግሌንካሪ መንደር ሸማኔዎች ሁሉ እጀ ፈጣን ነበር፤ አፉ ግን እጁን ይቀድማል። መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር አንድ ስንኝ ጣል ያደርጋል። ወፍጮ ቤቱን ሰድቧል፣ ዳኛውን ሰድቧል፣ አማቱን እንኳ አልማረም። ሰው ስቆ ያልፈው ነበር። ቄሱን የነካ ዕለት ግን ጉድ ፈላ!

"ቄሱ ስብከት ጀምረው ዶሮዬ ታቀፈች፣
አሜን ሳይሉ ገና ጫጩት አስከተለች።"

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፈረዱበት፤ እሑድ ጥፋተኛ በሕዝብ ፊት የሚወጣበት የንስሐ በርጩማ ላይ ቆሞ ግጥሙን ያንብብ፣ ከዚያም "ዋሽቻለሁ" ይበል። እስከዚያ ሕፃን ልጁ አትጠመቅም።

ሚስቱ ግሪዘል እሳት ጎረሰች። "አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ስም አጥታ 'እቺ' እየተባለች ልታድግ ነው?"

"እውነቱን እኮ ነው የገጠምኩት፣ ግሪዚ።"

"እውነትህን ቀቅለህ ብላው! ዋሽቻለሁ በልና ልጄን አስጠምቅልኝ።"

እሺ አለ፤ ምን ያድርግ? ዕድሜውን ሙሉ ሲያጋንን ኖሮ፣ እውነት በተናገረ ጊዜ ውሸታም መባሉ ግን አንገበገበው።

እሑድ ቄስ ሞንክሪፍ ስብከት የሚለኩበትን የአሸዋ ሰዓት፣ አሸዋው ባለቀ ቁጥር፣ ሦስት ጊዜ እየገለበጡ ሰበኩ። ከዚያ ሂዩ በርጩማው ላይ ወጣ። በዚያ አገር የመዝሙር መጽሐፍ ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ መሪው አንድ ስንኝ ያነባል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ይዘምራል። ሂዩ ጉሮሮውን ጠርጎ የመጀመሪያውን ስንኝ አነበበ። ሕዝቡም ዓይኑን እንደ ጨፈነ ዶሮይቱን በዜማ ተቀበላት! ሁለተኛውን ሲያነብ ጫጩቶቹንም አልተወም። የፈረዱበት ሽማግሌዎች ድምፅ ከሁሉም በልጦ ይሰማ ነበር።

"ወይ ጉዴ!" አለች አንዲት ሴት ነቅታ። መዝሙሩ ተቋረጠ።

ቄሱ ቲማቲም መሰሉ። ሕዝባቸውን አዩ፤ ገሚሱ ገና ያዛጋል። ቀጥሎ የአሸዋውን ሰዓት አዩ። ግሪዘል ልጇን አጥብቃ አቀፈች።

"ሂዩ፣ ዋሽቻለሁ ልትል ነው?" አሉ ቄሱ።

"ልጄ እንድትጠመቅ ስል እላለሁ፣ ጌታዬ።"

"ተወው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ተኝቶ መስክሮልህ ማን ያምንሃል?" አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። "በል ልጅቷን አምጣት!"

ኤልስፔት ተባለች፤ ግሪዘል በደስታ አለቀሰች። ሂዩም እስኪያረጅ ሲሸምንና ሲገጥም ኖረ። ስለ ቄሱ ግን ዳግመኛ አልገጠመም። ምን ብሎ ይግጠም? ከዚያ እሑድ ወዲህ ቄሱ አሸዋው አንዴ ካለቀ ሰዓቱን ገልብጠው አያውቁም።